ድፎ ይዞ ሐረጎን መውረድ

ዓርብ ማታ በደሴ ከተማ፣ እራት ተበልቶ ሳህኑ ከታጠበ፣ ሕፃናቱም ወደ መኝታቸው ከተሸኙ በኋላ፣ ዳቦ የመጋገር ልማድ ያልጠፋባት የቤት እመቤት ከመተኛቷ በፊት አንድ ሥራ ይቀራታል፤ ይኸውም በቡሃቃ ያቦካችውን የስንዴ ሊጥ በንጹሕ ጨርቅ ከድና፣ በጨርቁም ላይ አሮጌ ጋቢ ደርባ፣ የምድጃው ሙቀት ገና ያልለቀቀውን ማእዘን መርጣ ማሳደር ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሊጥ ጋቢ ለብሶ ሲያድር ቢያይ ይስቅ ይሆናል። የደሴን ብርድ የቀመሰ ግን አይስቅም፤ ከተማይቱ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ሌሊቱ ሲበርድ በርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቃን ሕያዋን ሥራቸውን ፈጽሞ ባይተዉም ይለግማሉና።

ልግመታቸው ግን ያለ ጥቅም አይደለም። ሊጥ ኩፍ የሚለው፣ ርሾው የዱቄቱን ስኳር እየተመገበ የሚያወጣው አየር በታሸው ሊጥ ጅማት ውስጥ ታስሮ መውጫ ሲያጣ ነው፤ ከርሾው ጋር አብረው የሚኖሩት አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሌሊቱ በረዘመላቸው መጠን መዓዛና ለዘብ ያለ ኮምጣጣነት ይጨምራሉ። ስለዚህ በብርድ ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ፣ በሙቀት ተጣድፎ ከቦካው ይልቅ ጣዕሙ የጠለቀ ነው። በዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ፤ በደሴ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በሊጡ ውስጥ የታሰረው አየር የሚጫነው ቀላል ስለሚሆንለት፣ መነሣት የጀመረ ሊጥ ብዙ ይነሣል፤ ሰዓቱን ጠብቆ እሳት ካላገኘ ግን መልሶ ይወድቃል። ውኃም በዚያ ከፍታ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚፈላ፣ የዳቦው ውስጠኛ ክፍል ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ ችኩል እሳት ቅርፊቱን አሳርሮ ሆዱን ጥሬ ይተወዋል። የደሴ እናቶች ይህን በቁጥር ባይማሩትም በእጃቸው ያውቁታል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከተጠጋንባቸው ቤቶች አንዱ በሙጋድ ሠፈር ያለ፣ አባት አስተማሪ፣ እናት የቢሮ ሠራተኛ የሆኑበት፣ ሦስት ልጆች ያሉት ቤት ነው። በዚያ ቤት ቅዳሜና እሑድ ከልጆች ጋር ከከተማ መውጣት የተለመደ ነው፤ የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ግን የአውቶቡስ መነሻ ወይም የአባት ፈቃድ ሳይሆን ሊጡ ነው። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ከብርድ ልብሱ ሥር አንገቱን አውጥቶ፣ «እማዬ፣ ነገ የት ነው የምንሄደው?» ብሎ ሲጠይቅ እናቱ፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ሊጡን ጠይቀው» አሉት። «በማለዳ ኩፍ ካለ ከሰዓት በፊት እንወጣለን። ካላለ ከምሳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሩቅ የለም።» ልጁ ተነሥቶ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሊያይ ሲል ተቆጡት፤ ብርድ ይገባበታል። ጥንት በነገሥታቱ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን እንደ ነበረው የታሪክ ጸሐፍት ይነግሩናል፤ በዚህ ቤት ማዕርጉ ለእናቲቱ የተሰጠ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ቅዳሜና እሑድን አያይዞ ማረፍ ከቢሮና ከፋብሪካ ሥርዓት ጋር ከውጭ የገባ አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ። በእኛ አገር ግን ሁለቱም ቀኖች ሰንበት ናቸው ወይስ አንዱ ብቻ የሚለው ክርክር ገዳማትን ከገዳማት፣ መነኰሳትን ከጳጳሳት ሲያለያይ ከኖረ በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትም ሰንበተ ክርስቲያንም ሊከበሩ ተወስኗል። እንግዲህ የሁለት ቀን ዕረፍት ለሐበሻ ገበሬ ከሰዓት ፊርማ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው። በወሎ ደግሞ ጁምዓ ይጨመራል። የደሴ ነጋዴ ዓርብ ቀትር ላይ ወደ ሸዋ በር መስጊድ ሲሄድ፣ ክርስቲያን ጎረቤቱ ሱቁን ዓይኑን ጥሎ ይጠብቅለታል፤ እሑድ ማለዳ ተራው ይገለበጣል።

ቅዳሜ ሲነጋ በሙጋዱ ቤት ሥራው ይከፋፈላል። ትልቋ ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሰኞ ገበያ ተገዝቶ በጥላ የተቀመጠውን የኮባ ቅጠል እያጠበች ወፍራሙን አከርካሪ በቢላዋ ትልጣለች፤ ቅጠሉ እሳት ካላየ ስለሚሰበር በፍሙ ላይ ለአፍታ አለፍ አድርጋ ታለሰልሰዋለች። ወንድሟ ጥቁር አዝሙዱን ይለቅማል፤ ትንሹ የአራት ዓመት ልጅ የሚለቀመውን ይበትናል። እናትየው ሊጡን እንደ ገና አሽተው፣ ጨውና የተፈጨ ኮረሪማ ጨምረው፣ ምጣዱ ላይ በተነጠፈው ኮባ ላይ ዘርግተው፣ እጃቸውን ውኃ እየነከሩ ገጹን አስተካክለው በሌላ ኮባ ይከድኑታል። ቅቤ አይነካውም። እሳቱ ከታችም ከላይም ነው፤ ታች ለስላሳ ፍም፣ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ ክዳን ላይ የተበተነ ሌላ ፍም አለ፤ የላዩ ሲበዛ ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ሲያንስ ዳቦው ይገረጣል። ኮባው እርጥበቱን ይዞ ስለሚያቆይ ዳቦው ሳይደርቅ በዝግታ ይበስላል፤ ቅጠሉ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ግን ከግቢው አልፎ አላፊ አግዳሚውን ስለሚጠራ፣ በዚያ ቀን ድፎ የጣለ ቤት ሊደበቅ አይችልም። ጎረቤት ይሸተዋል፤ የሸተተውም ጎረቤት ቁራሽ ይደርሰዋል።

በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ብዙ ናቸው፤ መብራት በሌለበት ቅዳሜ ደግሞ ወደ ከሰሉ ይመለሳሉ። በመደብር የሚሸጠውን ደረቅ ርሾ የሚጠቀሙም አሉ፤ ሊጡን በሁለት ሰዓት ያነሣዋል፤ ፈጥኖ ይነሣል፤ ጣዕም ግን አያመጣም ሲሉ እናትየው ያሙታል። እኛም ሁለቱን ቀምሰን ከእርሳቸው ጋር ሆነናል። ከቀድሞ ሊጥ የተረፈው ርሾ ግን እንዳይጠፋ ይጠበቃል፤ የጠፋባትም ሴት ከጎረቤት ትዋሳለች። የሙጋዱ ቤት ርሾ በመጀመሪያ የመጣው በአጥሩ ማዶ ካሉ ሙስሊም ጎረቤት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ እኚያ ጎረቤት የእርሳቸው ተበላሽቶባቸው ከዚሁ ቤት መልሰው ወስደዋል። የማን ርሾ እንደ ሆነ ዛሬ ሊለይ የሚችል የለም።

በቤት ከሚጋገረው ድፎ ሌላ የከተማው ዳቦ ቤት አለ። «ፉርኖ» የሚለው ስም እንደሚመሰክረው፣ ምድጃውም ነጭ ዱቄቱም ከጣልያኖች ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሳሉ የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቧት፤ ዕለቲቱ የሐይቅ ገዳም አባት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ መታሰቢያ ነበረች። በሚያዝያም ጠላት ከተማይቱን ያዘ፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአሰብ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የመኪና መንገድ ሠራ፤ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ። ዛሬ የደሴ ሕፃን በትምህርት ቀን ቁርስ የሚበላው የፉርኖ ዳቦ ነው፤ ለዚህ ማንም አይወቀስም፤ እናት በጥዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ለመድረስ ስትጣደፍ ድፎ ልትጥል አትችልምና። ድፎው ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ይጓዛል።

የሚጓዘው ለምንድን ነው? ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ስኳር፣ ቡና፣ ብርቱካን ይዞ መሄድም ይቻላል። በወሎ ድፎ ዳቦ ከሌላው ስጦታ ሁሉ የሚለየው፣ ቤተ ዘመድ በሃይማኖት በሚከፈልበት አገር ሁለቱም ወገን እኩል ሊበላው የሚችል፣ በሰው እጅ ተደክሞበት የተሠራ ማዕድ ስለሆነ ነው። ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ በአንድ እናት ልጆች መካከል እንኳ ሰርግ ሲሆን ሥጋው ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ፣ በየዳሱ ይቀርባል። ዳቦ ግን ቢላዋ ደም አላየበትም። ቅቤ ስለማይገባበትም በጾም ወራት ያገለግላል። አንዱ በስመ አብ ብሎ ይቆርሰዋል፣ ሌላው ቢስሚላህ ብሎ ይቀበለዋል፤ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ስንል የወሎን መቻቻል እንደ ተረት ለማሳመር አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባደረጉት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኑ የእምነት ክርክር ከተቋጨ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ እነ ሼህ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ያን ትእዛዝ በጦር ተቃወሙ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት የወሎ መስፍን ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ደሴንም መናገሻቸው አደረጓት፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ግብር ያበሉበት የነበረው አይጠየፍ አዳራሽም በደሴ ቆሟል። በዚያ አገር የሁለቱ እምነት ዘመድነት የመጣው በሰላም ብቻ ሳይሆን በግዴታም፣ በጋብቻም፣ በጉርብትናም ነው፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤተ ዘመዱ አንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይግባ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ግን፣ ከሊቃውንቱ ይልቅ ሴቶቹ ቀድመው በሌማት ይዘውት የወጡ ይመስለናል።

ከደሴ የሚወጣ ቤተ ሰብ ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው ወደ ሰሜን፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ የሚያደርስ ነው፤ መንገዱ ከዚያም አልፎ በ1881 ዓ.ም. ውሉ ወደ ተፈረመበት ወደ ውጫሌ ይሄዳል፤ ግን ከሕፃናት ጋር ከሐይቅ አልፎ ለመሄድ ድፍረት ያስፈልጋል፤ ውኃውን ያየ ሕፃን ተነሥ ቢሉት አይነሣምና። ሐይቁ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ከአካባቢው ወንዞች ውኃ የሚገባበት፣ መውጫ ግን የሌለው ነው። በዳርቻው የሚሸጠው የተጠበሰ ቆሮሶ በዚያ ውኃ በተፈጥሮ የነበረ ሳይሆን በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የተጨመረ ዓሣ መሆኑን አባት ሲነግሩት፣ ልጁ፣ «ታዲያ ከዚያ በፊት ሰው እዚህ ምን ሊበላ ይመጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። «ሊጸልይ ይመጣ ነበር» አሉት።

መልሱ ውሸት የለበትም። ገዳሙ ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ ትውፊት ቢናገርም፣ በእርግጥ ገናና የሆነው አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መካከል መጥተው ትምህርት ቤት ካደረጉት ወዲህ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍም ከአገራችን ጥንታውያን መጻሕፍት ይቈጠራል። ገዳሙ ያለበት ምድር ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ውኃው ስለ ሸሸ ዛሬ በእግር ይገባበታል። አባትና ወንዶቹ ልጆች ሲገቡ እናትና ትልቋ ልጅ በውጭ ቀሩ፤ ሴት አትገባምና። በዚያ ጥላ ሥር ነው እናት ለልጃቸው የሐይቁን ታሪክ የነገሯት። በጥንት ዘመን ይህ ሁሉ ደረቅ ምድር ነበር አሉ፤ አንዲት የንጉሥ ልጅ ነፍሰ ጡር ሴትን ክፉኛ በደለች፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ የበደለችውን ከነዘመዶቿ በውኃ አሰጠማት፤ ነፍሰ ጡሯ ተቀምጣባት የነበረችው ምድር ብቻ ሳትሰጥም ቀረች፤ እርሷም ገዳሙ የቆመባት ናት።

ልጅቱ ዳቦዋን እየቆረሰች ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው ቦታው የሴትዮዋ ነበራ።»

እናትየው መልስ ሳይሰጡ ኮባውን ከዳቦው መላጥ ቀጠሉ። እኛም ለዚህ የሚሆን መልስ ስላልነበረን ዝም አልን፤ ነገር ግን ስለ ገዳማት ሥርዓት ከተጻፉት ብዙ ጽሑፎች ይልቅ ይህች የአንድ መሥመር ጥያቄ አእምሮአችንን ስትወጋው ሰንብታለች። በዕድሜ የገፉ አንድ መነኵሴ ወደ ውጭ ሲወጡ ለሴቶቹ ጸበል ይዘውላቸው መጡ፤ ከዳቦውም ቁራሽ ተቀብለው ባርከው ሄዱ።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ደቡብ ነው፤ ሐረጎ የተባለውን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ፣ መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ እየተጠመዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ሹራብ ይወልቃል፤ መስኮት ይከፈታል። ሚኒባሱ ውስጥ ድፎው በነጠላ ተጠቅልሎ በእናት ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ሙቀቱ አሁንም ስላለ ወላፈኑ ለጎን ተቀማጩ ይደርሳል። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል ሳቅ ብሎ፣ «ይሄስ አይከፍልም?» አለ። «ይሄ ከፍሎ ነው የመጣው፤ ሌሊቱን ሙሉ» አሉት። ቦርከና ወንዝም ከደሴ ወገን ተነሥቶ በገደሉ እየተወረወረ ወደዚያው ይወርዳል፤ ትንሹ ልጅ ወንዙና መኪናው ማን ይቀድማል እያለ ሲጨነቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ያለች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት፣ ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ የሚያልፍባት፣ ሞቃትና ሥራ የበዛባት ከተማ ናት። የልጆቹ አያት፣ የአባታቸው እናት፣ ከሴት ልጃቸውና ከልጆቿ ጋር በዚያ ይኖራሉ። ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው፤ አባት በወጣትነታቸው ተጠምቀው ነው ያገቡት። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ምን ያህል ለቅሶ እንደ ነበረ አያቲቱ አይናገሩም፤ ነገሩን የዘጋው ግን ሙሽራይቱ በመጀመሪያው ዓመት፣ ማንም ሳይጠራት፣ አንድ ድፎ ተሸክማ በበራቸው መግባቷ እንደ ነበረ አክስቲቱ አጫወቱን።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ጸንቷል። በረመዳን የሆነ እንደ ሆነ ሰዓቱ ይለወጣል፤ ዳቦው ከሰዓት በኋላ ተጋግሮ ከመግሪብ በፊት ይደርሳል፤ ቴምሩ ከተቀመሰ በኋላ ይቆረሳል። ባልሆነ ጊዜ የቡና ቁርስ ነው። አያቲቱ በሩ ላይ ቆመው፣ «አፊያ ናችሁ? ልጆቹ አድገዋል፤ አንቺ ግን ከስተሻል፤ ቢሮው ነው የሚበላሽ» እያሉ ሁሉን በየተራ ከሳሙ በኋላ፣ ነጠላውን ገልጠው ቅርፊቱን በጥፍራቸው አንኳኩ። ድምፁን አዳመጡ። «ብርድ አይቷል፤ ጥሩ ነው። የኛ እዚህ ጥዋት አቡክተሽው ከዙሁር በፊት ኩፍ ብሎ ይጠብቅሻል፤ ይጣደፋል፤ አይጣፍጥም።» ይህን የሚሉት የደሴን ዳቦ ለማመስገን ይሁን የኮምቦልቻን ሙቀት ለመክሰስ አልተለየንም።

ለምሳ ዶሮ ቢታረድ ለእንግዶቹ ክርስቲያን ጎረቤት ተጠርቶ ያርዳል፤ ወጡም በተለየ ድስት ይሠራል። በዚያ ቀን ግን ምስርና ጎመን ነበር፤ ለመጠጥ ቀሪቦ። ዕጣኑ ጢሱን ሲሰጥ፣ ቡናው አቦል ሲቀዳ፣ አያቲቱ ድፎውን ለልጃቸው ሰጡ፤ አባትም ሰፊውን ቢላዋ ይዘው በመካከል ቆረሱት። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ለዝናቡ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለልጆቹ ትምህርት፣ በፋብሪካ ተራ ምክንያት ላልተገኘችው የአክስት ልጅም ጭምር። ከክፍሉ ግማሽ «አሚን» አለ፣ ግማሹ «አሜን»፤ ትንሹ ልጅ ሁለቱንም አለ።

ስለዚያች የአክስት ልጅ ጥቂት እንበል። ሥራዋ በፈረቃ ነው፤ ቅዳሜዋ አንዳንድ ጊዜ ረቡዕ ላይ ይውላል፤ ሰንበት የሚባለው ነገር ለእርሷ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ስም ዝርዝር ነው። ከልጆች ጋር ቅዳሜ ስለ መውጣት ስንጽፍ፣ ይህ በደመወዝም በጊዜም ለሁሉ ያልተሰጠ ጸጋ መሆኑን ማለፍ አይገባም። ለእርሷ የሚደርሰው ድርሻዋ ነው፤ አያቷ ከድፎው የመጀመሪያውን ትልቅ ቁራሽ ቆርጠው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጡላት። የስምንት ዓመቱ ልጅ ያንን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከሁሉ አስቀድሞ የተቆጣው የአክስቱ ወንድ ልጅ ነበር።

ቡናው ሦስተኛ፣ በረካው ላይ ሲደርስ ትንሹ ልጅ የዳቦውን ፍርፋሪ ወደ መሬት አራገፈ። አያቲቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አንድ በአንድ እየለቀሙ በመዳፋቸው አጠራቀሙት። አልተቆጡም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በሆነ ጊዜ ወጣት እንደ ነበሩ፣ ከገጠር ወደ ዋናው መንገድ የወጣው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ዳር ሲወድቅ እንዳዩ፣ አክስቲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። በ1977ም እንደ ገና አዩ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር፣ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች በያዘበት ወር፣ ዳቦ ቤቶቹ ሲዘጉ ከአልጋ ሥር ባስቀመጡት የማሽላ ዱቄት ጎረቤቱን ያበሉት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ወር በኋላ ልጆቹ የደሴን ሙዚየም ለማየት በሄዱ ጊዜ ከዕቃው ብዙው ተዘርፎ ነበር፤ የአያታቸው ጓዳ ግን የሚነገርለት ሳይኖር ሥራውን ሠርቷል። ፍርፋሪውን ለዶሮዎቹ በተኑላቸው።

ወደ ማምሻው ሹራብ የሚለበስበት ሰዓት ደረሰ፤ ደሴ ሲወጡ ይበርዳልና። አክስቲቱ የመጣውን ነጠላና ሌማት ባዶውን አልመለሱም፤ ከጓሮ የተቆረጠ ፓፓያ፣ አምስት ማንጎ፣ በፌስታል የታሰረ ቡና ሞሉበት። የደሴዋ እናት እንደ ልማዱ «ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል?» አሉ፤ አክስቲቱም እንደ ልማዱ አልሰሙም። በዚህ ዓይነት ዕዳው ይቀጥላል፤ ማንጎ የበላ ቤት ደግሞ ዳቦ ይጋግራል፤ ዳቦ የተቀበለ ቤት ደግሞ ፓፓያውን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ቤቶች ተኳርፈው በነበሩበት ዓመት እንኳ ዕቃ ለመመለስ ሲባል ሁለት ጊዜ እንደ ተገናኙ ሰምተናል።

ተራው አሁን የኮምቦልቻዎቹ ነው። ነሐሴ 13 ለቡሄ ወደ ደሴ ይወጣሉ ተብሎ በደጃፍ ላይ ተወሰነ፤ ሙልሙሉ ስንት ይሁን የሚለው ክርክርም እዚያው ተጀመረ፤ አያቲቱ ሃያ ሲሉ አክስቲቱ ሠላሳ አሉ፤ እናትየው ዱቄቱን በጣታቸው ይቈጥሩ ጀመር። የስምንት ዓመቱ ልጅ የአክስቱን ልጅ በጥርጣሬ አየና፣ «አንተ ግን ሙስሊም ነህ፤ ሆያ ሆዬ ትላለህ እንዴ?» አለው።

የአክስቱ ልጅ ተናደደ። «ባለፈው ዓመት አውራጁ ማን ነበር? አንተ እኮ ተቀባይ ነበርክ፤ እሱንም ግጥሙን እየረሳህ!»